የፓኪያዎና የብራድሊ ፍልሚያ ተሽጦ ነበር? የአንድ ጥርጣሬ የጉዳይ ጥናት

ለምን ይሄን መረጥኩ

ቡጢ የሚከታተል ሰው አንድ አመል አለው። የደገፈው ቦክሰኛ በነጥብ ሲሸነፍ መጀመሪያ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ተሽጧል» ነው። እኔም ከዚህ አመል ነፃ አይደለሁም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እየተባልን ስላደግን መጠርጠር አያሳፍረንም፣ እንዲያውም የብልህ ሰው ምልክት ይመስለናል። ጣጣው የሚመጣው ጥርጣሬውን ራሱን እንደ ማስረጃ መቁጠር ስንጀምር ነው።

እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚጠቅም ጉዳይ ስፈልግ በ2012 ላስ ቬጋስ ላይ ከተደረገው የፓኪያዎና የብራድሊ ፍልሚያ የተሻለ አላገኘሁም። የዚህኛው ጥርጣሬ እንደሌሎቹ በወሬ ብቻ አልቀረም። ሁለት የተለያዩ አካላት አዩት፣ ሁለት የተለያየ መልስም ሰጡ። የሚገርመው ሁለቱም መልሶች ልክ መሆናቸው ነው። እዚህ ጋ ለመድረስ ግን ከመጀመሪያው መነሳት አለብን።

አንድ ነገር ልበል። የቦክሰኞቹን ስም ሳልጠራ ታሪኩን መናገር አልችልም። ዳኞቹን፣ ፍልሚያውን ያዘጋጀውን ፕሮሞተርና ባለስልጣናቱን ግን በስራቸው ብቻ ነው የምጠራቸው። ስማቸው ድብቅ ሆኖ አይደለም። ወንጀል ያልተገኘበት ሰው ስሙ በሌብነት ጥያቄ ስር ደጋግሞ መፃፉ ስለማይመቸኝ ነው።

ዳራው

ቀኑ እ.ኤ.አ ጁን 9 ቀን 2012 ነው፣ በእኛ ሰኔ 2 ቀን 2004። ቦታው የላስ ቬጋሱ ኤምጂኤም ግራንድ። ለውድድር የቀረበው የደብሊውቢኦ (የዓለም የቦክስ ድርጅት) የዌልተርዌይት ቀበቶ ነው፤ በዚህ ምድብ ቦክሰኛው ከ66.7 ኪሎ መብለጥ አይችልም። ቀበቶውን የያዘው ፊሊፒናዊው ማኒ ፓኪያዎ ነበር። በስምንት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ከ2005 ወዲህ ሽንፈት ያልቀመሰ፣ ያኔ የአገሩ የምክር ቤት አባል ጭምር የነበረ ሰው። ተጋጣሚው አሜሪካዊው ቲሞቲ ብራድሊ እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ አልተሸነፈም። ግን ከታችኛው ምድብ የወጣ ነው፣ ከባድ ቡጢ አለው የሚለውም ሰው አልነበረም። ቁማርተኛው ሁሉ ገንዘቡን ፓኪያዎ ላይ አስቀምጧል።

ይሄ ብቻውን ምንም አያጠራጥርም። ግን ከሰባት ወር በፊት፣ ኖቬምበር 2011 ላይ፣ ፓኪያዎ እዚያው አዳራሽ ከሜክሲኳዊው ሁዋን ማኑኤል ማርኬዝ ጋር ተጋጥሞ በነጥብ አሸንፎ ነበር። ያኔ አዳራሹ በጩኸት ተቃወመ። ብዙ ሰው «ለፓኪያዎ ሰጡት» አለ። ይሄን ያዙልኝ፤ በኖቬምበር ዳኞች ለፓኪያዎ ያደላሉ ተባለ፣ በጁን ደግሞ በፓኪያዎ ላይ ያሴራሉ ተባለ። ጥርጣሬ አቅጣጫ ለመቀየር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

ነጥብ አሰጣጡን ለማያውቅ ባጭሩ ላስረዳ። ሶስት ዳኞች በሪንጉ ሶስት ጎን ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ዙር ለብቻው ይቆጠራል። ዙሩን ያሸነፈ 10 ያገኛል፣ የተሸነፈ አብዛኛውን ጊዜ 9። ቡጢ ቆጥረው አይደለም የሚወስኑት። ንፁህ ምት፣ ውጤት ያለው ማጥቃት፣ ሪንጉን መቆጣጠርና መከላከል የሚባሉ አራት መለኪያዎች አሉ፣ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ግን ዳኛው ራሱ ያውቃል። አንዱ ዙሩን በአንዲት ቡጢ ብልጫ ያሸንፍ፣ ወይም ሶስት ደቂቃ ሙሉ ሲቀጠቅጠው ይዋል፣ ተጋጣሚው ካልወደቀ ወረቀቱ ላይ ሁለቱም 10 ለ 9 ሊሆኑ ይችላሉ።

የዛን ምሽት

12 ዙር አለቀ። በቴሌቪዥን ያየው ሰው በአብዛኛው ፓኪያዎ በሰፊው አሸነፈ ብሎ አረፈ። ቡጢ የሚቆጥረው ኮምፒውቦክስ ያወጣው ቁጥር ይሄ ነው፦ ፓኪያዎ 751 ሰንዝሮ 253 አሳረፈ፣ ብራድሊ 839 ሰንዝሮ 159 አሳረፈ። ጠንካራ የሚባሉት ምቶች ብቻ ሲቆጠሩ 190 ለ 108። ፍልሚያውን ያስተላለፈው ጣቢያ የራሱ ነጥብ ቆጣሪ 119 ለ 109 ለፓኪያዎ ሰጠ፣ ማለትም ከ12ቱ 11ዱን ዙር።

የእውነተኞቹ ዳኞች ወረቀት ተነበበ። አንዱ 115 ለ 113 ለፓኪያዎ። ሁለቱ 115 ለ 113 ለብራድሊ። ቀበቶው ሄደ።

ብራድሊ ራሱ ደስታውን በወጉ አላጣጣመም። ሁለቱም እግሮቹ ተጎድተው ስለነበር ለጋዜጠኞች መግለጫ የመጣው በተሽከርካሪ ወንበር ነው። የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ወንበር ላይ እየተገፋ ሲገባ፣ ጋዜጠኞቹ የሚጠይቁት በእርግጥ አሸንፌያለሁ ብለህ ታምናለህ ወይ የሚል ነበር።

ጥርጣሬው ምን ምን ይዞ ተነሳ

ሰው ዝም ብሎ አልጮኸም። የሚያጠራጥር ነገር ነበር፣ በደንብ ነበር።

አንደኛ፣ የሁለቱም ቦክሰኞች ፕሮሞተር አንድ ሰው ነው። ማንም ቢያሸንፍ እሱ አይከስርም። ሁለተኛ፣ ብራድሊ ከፍልሚያው በፊት በነበረው መግለጫ ላይ ለኖቬምበር 10 የተዘጋጀ የ«ድጋሚ ፍልሚያ» ትልቅ ትኬት ይዞ ቀርቦ ነበር። ፉከራ ነው፣ አሸንፈዋለሁ፣ ከዚያ ድጋሚ እንገናኛለን ለማለት ነው። ግን አስቡት፣ ውጤቱ ከተነበበ በኋላ የዚያ ትኬት ፎቶ ምን እንደሚመስል። «ይኸው፣ አስቀድመው አትመውታል!» ሶስተኛው ያው የቡጢ ቁጥሩ ነው።

ሶስቱን ስትደምራቸው ታሪኩ ራሱን በራሱ ይፅፋል፦ ፕሮሞተሩ ድጋሚ ፍልሚያ ሸጦ እጥፍ ሊያተርፍ ዳኞቹን ገዛ። እኔም ያኔ ይሄን ታሪክ አምኜ ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ። ጥሩ ታሪክ ነበር።

ምን ተደረገ

መጀመሪያ የጮኸው፣ የሚገርመው፣ ራሱ ተጠርጣሪው ነው። ፕሮሞተሩ በዚያው ምሽት በቦክስ እንዲህ አፍሬ አላውቅም አለ፤ ከድጋሚው ብዙ ገንዘብ እንደሚያገኝም አልካደም። ከሁለት ቀን በኋላ ላስ ቬጋስ የምትገኝበት የኔቫዳ ግዛት ጠቅላይ አቃቤ ህግ ጉዳዩን እንዲመረምር በይፋ ጠየቀ። ምርመራው ሳያልቅ ድጋሚ ፍልሚያ የለም ብሎም ተናገረ። «ሌባም እኮ ሌባ! ሌባ! ብሎ ይጮሃል» የሚል አይጠፋም። ይሁን፣ ወደዚህ እመለሳለሁ።

የአቃቤ ህግ ቢሮው አይቶ የደረሰበት መልስ የወንጀል ምልክት አላገኘሁም የሚል ነው። ሀሳቡ ሲጠቃለል፣ በዳኞች የግል ፍርድ መናደድ ብቻውን የወንጀል ምርመራ ለመክፈት አይበቃም ነው ያለው። ከዳኞቹ አንዱ ደግሞ ወጥቶ ውሳኔውን ተከላከለ፤ ብራድሊ ለፓኪያዎ የቦክስ ትምህርት ሰጥቶታል ብሎ ጭምር ተናገረ። ጉቦ የበላ ሰው እንዲህ አደባባይ ወጥቶ ይከራከራል? ሊከራከር ይችላል። እኔን ግን የሰማሁት ያየውን ያመነ ሰው ነው የመሰለኝ።

ሁለተኛው እርምጃ የደብሊውቢኦ ነው። ድርጅቱ ስማቸው ያልተገለፀ አምስት ዳኞች መርጦ ፍልሚያውን በቪዲዮ እንዲያዩት አደረገ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ውጤቱ ወጣ፦ 117 ለ 111፣ 117 ለ 111፣ 118 ለ 110፣ 116 ለ 112፣ 115 ለ 113። አምስቱም ለፓኪያዎ።

በቃ፣ ሁለቱ መልሶች እነዚህ ናቸው። አንዱ ሌባ አላገኘሁም አለ። ሌላው ውጤቱ ስህተት ነው አለ። ብዙ ሰው እነዚህ ሁለቱ የሚጋጩ መስሎት አንዱን መርጦ ሌላውን ጣለ። አይጋጩም። ፈተና አርሞ የተሳሳተ አስተማሪ ሁሉ ጉቦ በልቷል ማለት አይደለም፣ ጉቦ ስላልበላ ደግሞ ውጤቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።

የሰራውና ያልሰራው

ምርመራው ፈጣን መሆኑ ሰርቷል። ሰው ትኩስ እያለ መልስ አገኘ። በአምስት አዳዲስ ዓይኖች ማስመልከቱም ጥሩ ነበር፤ «ሁሉም ሰው ያውቃል» የሚለውን ወሬ በቁጥር ተካው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፦ ከአምስቱ አንዱ የሰጠው 115 ለ 113 ነው፣ ያኔ ሪንግ ዳር ተቀምጦ ለፓኪያዎ ከሰጠው ዳኛ ጋር አንድ ዓይነት። ስለዚህ ፍልሚያው የቴሌቪዥኑን 119 ለ 109 ያህል የተራራቀ ላይሆን ይችላል።

ያልሰራው ግን ብዙ ነው። አምስቱ ዳኞች ተናግረው ምንም አልሆነም። ድርጅቱ ውጤቱን የመቀየር ስልጣን አልነበረውም፤ ቀበቶው ብራድሊ ወገብ ላይ ቀረ። የመመልከቻ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ስህተት ነው አስብሎ፣ ከዚያ ፋይሉን መዝጋት ቁስሉን አሳይቶ መድኃኒት አለመስጠት ነው። ከዚህም በላይ፣ «ወንጀል አላገኘሁም» የሚለው መልስ «ችግር የለም» ተብሎ ተነበበ። ዳኞቹን የመደበው የግዛቱ የአትሌቲክስ ኮሚሽን ነው፤ ምደባው እንደነበረ ቀጠለ።

ይሄ የት እንዳደረሰ ለማየት 15 ወር መጠበቅ በቂ ነበር። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2013፣ እዚያው ከተማ፣ እዚያው አዳራሽ፣ ፍሎይድ ሜይዌዘር ካኔሎ አልቫሬዝን ገጠመ። ሜይዌዘር አስተማረው ማለት ይቀላል። ሁለቱ ዳኞች 116 ለ 112 እና 117 ለ 111 ሰጡት። ሶስተኛዋ ዳኛ 114 ለ 114 እኩል ነው አለች። ሶስተኛዋ በ2012 ለብራድሊ ከሰጡት ሁለቱ አንዷ ነች። በቀናት ውስጥ ከዳኝነቱ ገሸሽ አለች። እንግዲህ በ2012 ጥያቄው «ተገዝታለች ወይ» ብቻ ባይሆን ኖሮ፣ «ይሄን ዙር ለምን እንዲህ አየሽው» ተብላ ብትጠየቅ ኖሮ፣ ሁለተኛው ባልመጣ ነበር እላለሁ። ይሄ የእኔ ግምት ነው፣ ግን ከልቤ ነው።

ሴራው ለምን አልዋጥልኝ አለ

ወደ ፕሮሞተሩ ልመለስ። እውነት ለድጋሚው ገንዘብ ተብሎ ከሆነ ድጋሚው መደረግ ነበረበት። አልተደረገም። ኖቬምበር 10 መጥቶ ሄደ። ፓኪያዎ በዲሴምበር 2012 ከማርኬዝ ጋር ለአራተኛ ጊዜ ተጋጠመና በስድስተኛው ዙር በአንዲት የቀኝ ቡጢ ተዘረረ። ብራድሊ በማርች 2013 ከሩስያዊው ፕሮቮድኒኮቭ ጋር ገጥሞ ለጥቂት ነው የተረፈው። ፓኪያዎና ብራድሊ እንደገና የተገናኙት ኤፕሪል 12 ቀን 2014 ነው፣ ከ22 ወር በኋላ። ዳኛ ገዝቶ ትርፉን 22 ወር የሚያቆይ፣ መሃል ላይ ዋናው ሸቀጡ ተዘርሮ እስኪወድቅ የሚጠብቅ ሌባ አላውቅም። ያኔ ደግሞ የቦክሱ ዓለም ሁሉ የሚጠብቀው የፓኪያዎና የሜይዌዘርን ፍልሚያ ነበር፤ የፓኪያዎ መሸነፍ የዚያን ዋጋ ነው ያወረደው። አክሳሪ ሴራ ነው።

ከዚያ የነጥቡ ሂሳብ አለ። 115 ለ 113 ማለት ሰባት ዙር ለአንዱ፣ አምስት ለሌላው ነው። ለብራድሊ የሰጡት ሁለቱ ዳኞች ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዙሮች አምስቱን ለእሱ ሰጡ። ለፓኪያዎ የሰጠው ዳኛ ደግሞ ከስድስቱ አራቱን ለብራድሊ ሰጠ። ልዩነቱ በሁለተኛው አጋማሽ አንድ ዙር፣ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ዙር። ሁለት ዙር ብቻ! ማንም «ተገዝተሃል» ብሎ ያልከሰሰው ሶስተኛው ዳኛም ከቴሌቪዥኑ ይልቅ ለሁለቱ ይቀርባል ማለት ነው። ከሶስቱ ሁለቱ ቢገዙ ኖሮ ያልተገዛው እንዲህ አይጠጋቸውም ነበር።

እውነተኛ የተሸጠ ፍልሚያ ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ኋላ እንሂድ። ኖቬምበር 1947፣ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ቦክሰኛው ጄክ ላሞታ በቢሊ ፎክስ በአራተኛው ዙር ተሸነፈ። የቀበቶ ፍልሚያ አልነበረም፣ ግን የቀበቶ መንገድ ነበር፤ ማፊያዎቹ ሳይፈቅዱ ለሻምፒዮናነት መግጠም አይቻልም ነበርና። ውርርዱ ከፍልሚያው በፊት በአንድ ጊዜ ወደ ፎክስ አጋደለ። ላሞታ ሪንግ ውስጥ ቆሞ ተመታ። በ1960 በአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ሆን ብዬ ነው የተሸነፍኩት ብሎ አመነ። እዚህ ዳኛ መግዛት አላስፈለገም፣ ቦክሰኛው ራሱ ይበቃል። የውርርድ መዞር አለ፣ ተጠቃሚ አለ፣ በኋላ የእምነት ቃል አለ። በ1949 ላሞታ የሻምፒዮና ዕድሉን አገኘ፣ አሸነፈም፤ ክፍያው ተከፈለ።

ግን እዚህ ጋ ራሴን የሚቆረቁረኝ ነገር አለ፣ አልደብቅም። በ1947ም ምርመራ ተደርጎ ነበር። ያኔም አልተረጋገጠም። ላሞታ ጉዳት ደብቀሃል ተብሎ ብቻ ተቀጣ። እውነቱ የወጣው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የኔቫዳው «አላገኘሁም» የሚለው መልስ «አልተደረገም» ማለት አይደለም፣ ቢሮው ራሱም እንዲያ አላለም። እኔ ስህተት ነው ወደሚለው ያጋደልኩት ማንም ነፃ ብሎ ስላወጣቸው ሳይሆን የገንዘቡ መንገድ የትም ስለማይደርስ ነው።

የከፈለው ሰው

በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ብራድሊ የሚባል ሰው ነበር። ዳኛ አልመረጠም፣ ወረቀት አልሞላም። በተጎዳ እግር 12 ዙር ተዋግቶ ውጤት እስኪነበብ ጠበቀ። ከዚያ የግድያ ዛቻ ደረሰው። በጣም የከበደ ጊዜ እንዳሳለፈ በኋላ ራሱ ተናግሯል። በ2014 ፓኪያዎ 116 ለ 112፣ 116 ለ 112፣ 118 ለ 110 አሸንፎ ቀበቶውን ወሰደ። በ2016 ለሶስተኛ ጊዜ ተገናኙ፣ ፓኪያዎ ሁለት ጊዜ ጥሎት ሶስቱም ዳኞች 116 ለ 112 ሰጡ። ብራድሊ ከቦክስ ከወጣ በኋላ የቴሌቪዥን ተንታኝ ሆነ፣ የሌሎችን ፍልሚያ ነጥብ መተንተን ጀመረ።

ለሌላ ጉዳይ የሚወሰድ

ይሄ የቦክስ ብቻ አይደለም። ጨረታ ኮሚቴ ነጥብ ሲሰጥ፣ የስራ ቃለ መጠይቅ ላይ ሶስት ሰው ሲቀመጥ፣ የሰፈር ኳስ ውድድር ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ሲሰጥ ያው ነገር ይነሳል። «ተበልቷል» ይባላል። እኔ ከዚህ ጉዳይ በኋላ የምሞክረው ሁለቱን ጥያቄ መነጠል ነው፤ ውጤቱ ልክ ነው ወይ ለብቻው፣ ሰውዬው ሌባ ነው ወይ ለብቻው። አንድ ላይ ከጠየቅናቸው ሁለተኛው ሳይረጋገጥ ሲቀር የመጀመሪያውም አብሮ ይቀበራል። ላስ ቬጋስ ላይ የሆነው ይሄው ነው፣ ሌባ ሲታጣ ስህተቱ ባለቤት አጣ።

ማን ተጠቀመ የሚለውን ጥያቄ ደግሞ በዚያው ምሽት መመለስ ከባድ ነው። ዓመት ጠብቃችሁ ጠይቁት። በጁን 2012 ፕሮሞተሩ ተጠቃሚ ይመስል ነበር፣ በኤፕሪል 2014 ሲታይ ሌላ ነው። ቅሬታ የሚያይ ኮሚቴ የምታቋቁሙ ካላችሁ ደግሞ፣ ስህተት ቢገኝ ምን እንደሚደረግ መጀመሪያ ፃፉት። አለበለዚያ የተበደለውን ሰው ጠርታችሁ «አዎ፣ ተበድለሃል፣ በል ደህና ሁን» ማለት ነው የሚሆነው።

ሰሞኑን ፍልሚያውን ድምፁን ዘግቼ እንደገና አየሁት። ያለ ተንታኞቹ ሲታይ የብራድሊ ስራ ከበፊቱ ይታያል፣ ሁለት ሶስት ዙር ወደ እሱ አዞርኩ። ሰባተኛውን ግን አልቻልኩም። በዚያ ዙር ፓኪያዎ ያሳረፈው ከብራድሊ ከእጥፍ በላይ ነው። ሶስቱም ዳኞች፣ ለፓኪያዎ የሰጠውም ሳይቀር፣ ዙሩን ለብራድሊ ሰጥተውታል። ሶስት ጊዜ መልሼ አየሁት፣ ሶስቱንም ጊዜ ለፓኪያዎ ፃፍኩ።